የከፈይ ፖስታዎች

ታይቱ የመጨረሻዋን የቡና ፍሬ ጠልፋ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣ የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አልማዝ በረንዳው ላይ ቆማ ያለቁትን ፖስታዎች ታገላብጥ ነበር። ከቀይ ከፈይ የተሰፉ፣ ነጭ ገበር የገባላቸው፣ ክዳናቸው ላይ የቡና ዘለላ የተጠለፈባቸው የጨርቅ ፖስታዎች ናቸው፤ ለአብዮቱ በዓል ጅማ ለሚመጡት እንግዶች የመልካም ምኞት ካርድ ተከቶባቸው ሊበረከቱ ነው።

«ይሄ ነው እጅ ማለት!» አለች አልማዝ።

ታይቱ ክረምቱን ሙሉ ያጎነበሰችው ለዚህች ሰዓት ነው። ከከምባታ ወደ ጅማ የመጣችው ባሏን እንድርያስን ተከትላ ነበር። እሱ በቡና መቀሸሪያ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ደግሞ እሁድ እሁድ ምእመናኑን በቤቱ ይሰበስብ ነበር። ሰኔ ላይ፣ መዝሙር በመዘመር ላይ ሳሉ መጥተው ወስደው አሰሩት። መላ ያመጣችላት ጥልፍ ያስተማረቻት ጎረቤቷ ፈድሊያ ናት፦ «ጓድ አልማዝ ፖስታዎቹ ካማሩላት ስለ እንድርያስ ትናገርልሻለች፤ ቃል ገብታለች።» ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ በረንዳ ሲጠልፉ ከረሙ። ታይቱ ጠመም ያለች ቅጠል ባየች ቁጥር ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ያቺ አንዲት ቅጠል ባሏን ሳይፈታ የምታስቀርባት ይመስላታል።

«ጓድ አልማዝ፣ የባለቤቴን ነገር...» አለች፤ የመጨረሻውን ፖስታ በሁለት እጇ እያቀበለቻት።

አልማዝ ፖስታዎቹን ዘንቢሏ ውስጥ መደርደሯን አላቆመችም። «እሱማ እዚህ የለም እኮ። የነበረበትን ክፍል እስረኞች በሙሉ ባለፈው ሳምንት ጭነው ወስደዋቸዋል። ወዴት እንደሆነ እኔም አልተነገረኝም።» ከዚያ ወደ ፈድሊያ ዞር አለች። «እስካሁን አልነገርሻትም እንዴ?»

የፈድሊያ መርፌ ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

አልማዝ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

«ዛሬ ጠዋት» አለች ታይቱ፣ «የእንድርያስን ምሳ ስቋጥር አጠገቤ ነበርሽ። ሚጥሚጣ ጨምሪለት፣ ይወዳል አልሽኝ።»

«ወላሂ ልነግርሽ ነበር። ሥራው ሳያልቅ ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ። የታሸገውን የባሌን ሱቅ እንከፍታለን ብለውኝ...» ፈድሊያ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። «ማል ጎና፣ ታይቱ? ምን እናድርግ? ልጆቼስ ምን ይብሉ?»

ታይቱ በኦሮምኛ ልትሰድባት ፈለገች። ኦሮምኛውንም ያስተማረቻት ፈድሊያ ራሷ ነበረች። ነጠላዋን ሳትደርብ ወጣች።

እስር ቤቱ በር ላይ የምሳ ዕቃ የሚመለስበት ሰዓት ነበር። ሴቶቹ ጭቃው ላይ ተሰልፈዋል። ተራዋ ሲደርስ ዘበኛው የእንድርያስን ስም ጠርቶ ባዶውን ዕቃ አቀበላት፤ ሚጥሚጣው ገና ይሸታል።

«በላ?» አለችው።

«አጣጥሞ ነዋ! እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።»

«ነገስ ምን ላምጣለት?»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ሥጋ አምሮታል» አላት፣ ዓይኑን ሳይሰብር።

ደሟ ፈላ። ለሰልፉ ሁሉ ጮኻ ልትናገር ዞር ስትል ከኋላዋ እማማ ዘይቡን አየች። ከየቡ ከተማ ድረስ የሚመላለሱ አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ጀቤሳ ከእንድርያስ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር፤ ምሳም ይካፈሉ ነበር። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ማር ነው» አሏት፣ ስታየው አይተው። «ገና ዛሬ መቆረጡ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ማር የሚወደው የለም።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ያንቺውስ ደህና ነው አሉሽ፣ ልጄ? የኔን ልጅ ስም አላነሱም?»

ታይቱ አፏን ከፈተች። የአሮጊቷ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሷል። ፊታቸው ግን በርቶ፣ ከአፏ የሚወጣውን ይጠባበቃል።

«ደህና ናቸው፣ እማማ» አለች። «አብረው ነው የበሉት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እማማ ዘይቡ፤ አልፈዋትም ማሩን በሁለት እጃቸው ለዘበኛው ዘረጉለት።