የከፈኑ መቀስ

በከሚሴ የሴት ጀናዛ ማጠብ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ውሃውን በክርኔ ለክቼ፣ የቁርቁራ ቅጠሉን ወቅጬ፣ ከፈኑን ቆርጬ ስንቷን ሸኝቻለሁ። ገላቸው ላይ ያየሁትን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አፌ የሚያስቸግረኝ በሌላው ነው።

የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለት ዕድራችን፣ ኢማን የምትባል ወጣት ሥልጠና ልኮ ከጎኔ ሲያቆማት፣ "እኔን ነው እንዴ ማጠብ የሚያስተምሩኝ!" ብዬ ደሜ ፈላ። ጥር ላይ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ልናጥብ ስንል ጓንት ዘረጋችልኝ።

"ጓንት የሚደረገው ያ በሽታ ላለባት ነው! እኒህ ምን አጠፉ?" አልኳት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። ሴቶቹ "እውነቷን ነው" አሉ። እኔም ኮራሁ።

በወሩ የሰፈራችን ልጅ ዘሊካ አስጠራችኝ። አልጋ ላይ አልቃለች። እናቷን ቶይባን ወደ ጓሮ ልካ እጄን ያዘችኝ።

"ያ በሽታ ነው ያለብኝ፣ እቴ ረቢአ። እናቴ አታውቅም፤ ካወቀች ከሰው ፊት ቀና አትልም። አንቺው እጠቢኝ። ጓንት ግን አድርጊ፣ በአላህ፤ የኔው እንዳይተርፍሽ።"

ቃል ገባሁላት። ጥር ላይ ስለ ጓንት የተናገርኩት ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። ጓንት ካደረግሁ ምስጢሯን ማውጣቴ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አርብ ጠዋት ሞተች። ከመጋረጃው ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ኢማንና ውሃ የምትቀዳው ቶይባ። በየጣሳው "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" ትላለች። ከመጋረጃው ውጭ የተቀመጡት ጥር ላይ የደገፉኝ እነዚያው ሴቶች ናቸው። በባዶ እጄ ልጠባት ብዬ ነበር። ፈራሁ።

ማጠቡን ሳንጀምር ከፈኑን ስቆርጥ መቀሱን ጣቴ ላይ አሳረፍኩት፤ ጠበቅ አድርጌ።

"ውይ ጣቴን!" ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮህኩ። "ኢማን፣ ያንን ጓንትሽን አምጪ፤ ደሜ ልጅቷን እንዳይነካት!"

ኢማን ጣቴን አጥብቃ አሰረች፤ ጓንቱን ደራርባ አጠለቀችልኝ። የውሃው ሙቀት ስለማይሰማኝ ቶይባ በክርኗ ለካችልኝ።

ጀናዛው ከወጣ በኋላ ቶይባ መጥታ ጣቴን አየችው።

"በልጄ ምክንያት ተጎዳሽ። አፉ በይኝ" አለች እያለቀሰች።

"አፉ ብያለሁ" አልኳት። ይቅርታ መለመን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ያለ ጓንት አላጠብኩም፤ ሀብታምም ትሁን ድሃ፣ አሮጊትም ትሁን ልጅ።

"ጣትሽ እስካሁን አልዳነም እንዴ?" ይሉኛል ሴቶቹ።

"አልዳነም" እላቸዋለሁ።