እግሩ ተስፋ እንዳይቆርጥ

ባሌ ሳሊም ሰሊጥ ሊያይ ሽንፋ ሄዶ ሲመለስ መኪናው ላይ ተኮሱበት። ማን እንደተኮሰ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ጥይቱ ከወገቡ ከፍ ብሎ አከርካሪው ውስጥ ገባ። ጎንደር ወስደን አዳኑት፤ ነፍሱን ማለቴ ነው። እግሮቹ ግን አይታዘዙም፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ እንደማይታዘዙ ፊት ለፊት ነገረን። ጥይቱን መነካካት የባሰ ይጎዳል ብለው እዚያው ተዉት።

ሰርክአዲስ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ለወራት አሠራችው። ክንዱን አጠነከረችለት፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር በጣውላ ላይ እየተንሸራተተ መሻገር አስተማረችው። ልንወጣ ስንል እኔን ለብቻ ጠርታ፣ «ከእንግዲህ የሚያሰጋው ጥይቱ አይደለም፣ መተኛቱ ነው። ቶሎ ቶሎ አገላብጪው፤ ይቀመጥ፤ ራሱ ይሻገር። መቀመጫው ከቆሰለ እስከ አጥንቱ ይበላዋል፤ እሱ ደግሞ አይሰማውም» አለችኝ።

መተማ ስንደርስ ሌላ ሐኪም ጠበቀን፤ አያ ሷሊህ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አይገባውም። በዕድሜው የታመመ በግ እንኳ አድኖ አያውቅም። ወንበሩ ከመኪናው ሲወርድ ባየ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወሰደና ሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት።

«ይህ ነገር ቤት ከገባ እግሩ ተስፋ ይቆርጣል። ሟርት ነው!» አለ።

ተስፋ የሚቆርጥ እግር ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። የእኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ የሚቀመጠው አልጋው ላይ ነው፣ እግርጌ። አልጋችን የገመድ አንገረብ ነው፤ ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ይጎብጥና ሳሊም መሐሉ ላይ እንደ ጆንያ ይሰምጣል። ላገላብጠው ስነሳ፣ «ኧረ ተይው፣ ይረፍበት! ምን ዓይነት ሴት ናት!» ይላሉ። አንዱ ጥይቱ ሳይወጣ መቅረቱ ያንገበግበዋል። ሌላው ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት፣ እንዲሁ የተመታ ሰው ረመዳን ሳይደርስ ተነስቶ ሮጠ ይላል፤ የሯጩን ስም ስጠይቀው አያውቀውም። ሽንት ቤት የሚወስደው ደግሞ ሷሊህ ነው፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው «አቤት ወንድም!» ሲለው ደረቱ ይነፋል። ሳሊም ታላቅ ፊት አትናገር ተብሎ ያደገ ነው።

አንድ ጠዋት ሳጥበው የመቀመጫው አጥንት ላይ የቀላ ነገር አየሁ። በጣቴ ብጫነው መቅላቱ አልጠፋም። መስታወት አምጥቼ አሳየሁት። አየና አየና፣ «ወንበሬን አምጪልኝ» አለ።

ዓርብ ነበር፤ ከጁምዓ የተመለሰው ጠያቂ ቤቱን ሞልቶታል። «አያ ሷሊህ፣ ቁልፉን ስጡኝ» አልኩት።

«ለባልሽ ክፉ ትመኛለሽ?» አለ፣ ሰው እንዲሰማለት ጮክ ብሎ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሄጄ ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበርኩት። ወንበሩ ላይ የሰሊጥ ጆንያ ጭኖበታል፤ ሟርቱ ለሰሊጥ አይሠራም መሰለኝ።

እግርጌ የነበሩትን አስነስቼ ወንበሩን ከአንገረቡ አስጠጋሁና ፍሬኑን ያዝኩ። ሳሊም ጣውላውን ከሥሩ አስገብቶ በክንዱ ራሱን ገፋ። ሽርጡ ተንሸራቶ የመነመኑ ጭኖቹ ታዩ። ሼህ አብዱረሕማን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ፊታቸውን አዞሩ። መሐል ሲደርስ ወደ ጎን ተዘነበለ። ሷሊህ ዘሎ ብብቱን ያዘው።

«አያ፣ ልቀቁኝ።»

«ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ...»

«አንቱ ስላሉ ነው ገላዬ መቁሰል የጀመረው! ልቀቁኝ!»

ሷሊህ ለቀቀው። እኔም እንዳልደግፈው እጄን በእጄ አጥብቄ ያዝኩ፤ ዝም ብሎ ማየት እንዲህ ያማል ብዬ አላውቅም ነበር። ሳሊም ጥርሱን ነክሶ ተቃና፣ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«ሰው ፊት አዋረድከኝ» አለ ሷሊህ፤ እንባው መጣ።

ሳሊም ጎማውን እያሽከረከረ ወደ በሩ ሄደና እዚያ ቆመ። ደጃፉን የጠያቂ ጫማ ሞልቶታል፤ ሸበጡ፣ ቆዳው፣ ላስቲኩ ተደራርቦ ማለፊያ የለም። ለሳምንታት ምን እናድርግልህ ሲሉት የከረሙት ሁሉ ተቀምጠው ያዩታል።

«ጫማችሁን አንሱልኝ» አለ።

ሼህ አብዱረሕማን በምርኩዛቸው ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አነሱ። ሌሎቹም አፍረው ተከተሉ። ሷሊህ ከሁሉም በኋላ መጣ፤ እያለቀሰ ተንበረከከና የቀረውን ጫማ ሁሉ ሰብስቦ ታቀፈ። ሳሊም በአጠገቡ አልፎ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

ወንድሙ ከተመታ ጀምሮ ሷሊህ የረዳው ያን ጊዜ ብቻ ነው።