ናፍጣና ቤንዚን

ወንድሜን የጠላሁት በዚያ ጠዋት ነው፤ አልደብቅም። "ሽማግሌው በቃው፤ ጋራዡን ዘግተን ቦታውን እናከራየዋለን" ሲል አባታችን አጠገቡ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። እዚያ እንደሌለ ሰው!

"አባዬ አሁንም መካኒክ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ይቺን ያስነሳት" አለ፣ ለጥገና የመጣውን የዳቦ ቤት አሮጌ ጄኔሬተር በአገጩ እያሳየ። "እሱ ካስነሳት ነገሩን ሁለተኛ አላነሳም። ካቃተው ቁልፉን ይሰጠኛል።"

አባቴ "እሺ" አለ። ምን ቸገረው! ዕድሜውን ሙሉ የቤንዚን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው። አንዱን ጀሪካን ከፈተ፣ እንደ ልማዱ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ "ንጹህ ቤንዚን" አለና ታንከሩን ሞላ። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጉርር ብሎ ዝም አለ። ደግሞ ሳበ። ወይ ፍንክች!

ፊልትሮውን አራገፈ። ካንዴላውን ነቅሎ እሳት መስጠቱን አየ፤ ይሰጣል። ካርቡራተሩን አውርዶ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፍቶ መልሶ ገጠመው። ላቡ በአንገቱ ወረደ። ወንድሜ በሩን ተደግፎ ስልኩን እየነካካ ይስቃል።

"አንተ፣ ሂድና ሻይህን ጠጣ! የሰው ላብ ሲኒማ መሰለህ?" ብዬ አባረርኩት።

አባዬ ፊቱን ሊታጠብና ትንሽ ሊያርፍ ሲሄድ የታንከሩን ቱቦ ነቅዬ አሸተትኩ። ክው አልኩ። ናፍጣ! ሙሉ ታንከር ናፍጣ! እኛ ቤት የቤንዚኑም የናፍጣውም ጀሪካን ላይ አይጻፍም፤ "አፍንጫ እያለን ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል" ይለን ነበር አባዬ። ለካ አፍንጫው ከድቶታል፣ እሱም ይህን ደብቆናል። "ንጹህ ቤንዚን" ያለው ምንም ሳይሸተው ነው።

ናፍጣውን ወለሉ ላይ ደፋሁት፣ ሁሉንም አጥቤ ቤንዚን ሞላሁ። ሲመለስ "አባዬ፣ እስቲ አሁን ሳበው" አልኩት። ሳበው። ጭስ ተፋና ተነሳ! ወንድሜ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ገባ።

"ይኸው! ዋጣት እንግዲህ!" አልኩት።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ወንድሜ።

"ካንዴላው ቆሽሾ" አልኩ ፈጠን ብዬ።

አባዬ አላየኝም። ጎንበስ አለና የፈሰሰውን በጣቱ ነክቶ፣ በሁለት ጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። ቤንዚን ወዲያው ይደርቃል፤ ይሄ ግን ቅባቱ አልለቀቀም። ሞተሩን አጠፋው።

"ተነስታለች" አለ ለወንድሜ፣ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ። "ያስነሳኋት ግን እኔ አይደለሁም።"

ወንድሜ ተቀበለው። ትንሽ እንኳ ቢያመነታ ምናለበት!

"አባዬ፣ እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው..." አልኩና እጁን ልይዝ ስል ሰበሰበው።

"እሱ እንኳ" አለኝ፣ "የናቀኝ ፊት ለፊት ነው።"