ወደ ስድሳ የሚልከው መስመር

እንየው የጥናቱን ስቴንስል፣ ያንን የማባዣ ሰም ወረቀት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ሲያነብ ደሙ ፈላ። የባልደረባው የደምሌ ስም የለም። በቦታው «ጓድ ካሣሁን» ተብሎ ተመቷል፤ ያውም ከእንየው ስም በላይ።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ የታዘዝሁትን ነው ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ ሀምዲያ። «ርዕሰ መምህሩ ናቸው።»

ጥናቱ የሁለት ሰው ወንፈል ነበር። እንየው የየትኛውም ዓመት ዕንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደሚውል የሚያሳየው ስሌት ልክ መሆኑን በሒሳብ ያረጋግጣል፤ ደምሌ ደግሞ ክረምት አዲስ አበባ ኮርስ ሲወስድ በለመደው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስሌቱን ወደ ትእዛዝ ይለውጣል። አንድ ከሰዓት ለአንተ፣ አንድ ከሰዓት ለእኔ እየተባባሉ በጋውን ሠሩበት። በሚያስተምሩበት በንፋስ መውጫ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ስላልነበረ ደምሌ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱ ማሽን ይሆን ነበር፤ እንየው እየሳቀ ትእዛዙን ያነብለታል። የገጹንም አቀማመጥ አብረው ነው የነደፉት። አማርኛው በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ይመታል፣ ለትእዛዞቹ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ከዚያ ስቴንስሉ ወጥቶ እንግሊዝኛው መኪና ላይ ይገባል። ጥናቱ አዲስ አበባ በመምህራን ጉባኤ ላይ ሊቀርብ፣ ፕሮግራሙም እዚያው በማሽን ሊሞከር ነበር።

በመሀሉ ደምሌ ገበሬውን ወደ ሩቅ አገር ወስዶ ስለማስፈር በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የሚሄደው ገበሬ ራሱ ይጠየቅ» አለ። በማግሥቱ ታሰረ።

እንየው ስቴንስሉን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ።

«የታሰረ ሰው ስም በጥናት ላይ አይወጣም» አለ ጓድ ካሣሁን ቀና ሳይል።

«ሥራው ግን ይወጣል?»

«ሥራው የትምህርት ቤቱ ነው። ደግሞም አስተካክየዋለሁ። መስመሩን ሁሉ ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ዘሎ ዘሎ ነበር የቆጠረው። እንደ ቃለ ጉባኤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አስባልሁት። ያንን ዝርክርክ የእጅ ጽሑፍም ምድጃ በላው።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይኸው ነው። ደምሌ በመስመሮቹ መሀል ቁጥር የዘለለው የተረሳ ትእዛዝ ቢኖር በኋላ እንዲገባበት ብሎ ነው። ከትእዛዞቹ አንዱ ደግሞ ማሽኑን «ወደ ስድሳ ሂድ» ይለዋል፤ ስድሳ ቁጥር ወዳለው መስመር ማለት ነው። አሁን መስመሩ ዐሥራ ሁለት ላይ ያልቃል፤ ስድሳ የሚባል የለም። ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

እንየው ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ንዴቱ መልሶ ዘጋው። ይሂድ! በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ይዋረድ!

«እንግዲያስ የእኔንም ስም ይፋቁት» አለ። «ሙሉው የእርስዎ ይሁን።»

ጓድ ካሣሁን ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ስቴንስሉን ከእንየው እጅ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ሰውዬው ለጉባኤው አዲስ አበባ በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ እንየው ጠመኔ እንደያዘ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ሰውዬው ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለሰ። መምህራኑን ሰበሰበ።

«ማሽኑ በሕዝብ ፊት ቆመብኝ» አለ። «ያ ታሳሪ ሆን ብሎ አበላሽቶት ኖሯል! አሻጥር ነው። ለጉባኤው ስሙን ጠርቼ ተናግሬያለሁ፤ ለሚመለከተውም ጽፌያለሁ።»

ከጥናቱ የተፋቀው የደምሌ ስም ይኸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

«ቁጥሩን የለወጡት እርስዎ ነዎት!» እንየው ሳያስበው ተነሥቶ ጮኸ።

ጓድ ካሣሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገሩን ታውቅ ነበር? እያወቅህ ነው ዝም ብለህ የላክኸኝ?»

እንየው ተቀመጠ። አዎ፣ ተቀመጠ!

ደምሌ በዚሁ ክስ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር እስር ቤት ተወሰደ። ሚስቱ ስንዱ ወደ ንፋስ መውጫው እስር ቤት የወሰደችለትን ስንቅ እንደያዘች ስትመለስ እንየውን ደጇ ላይ ቆሞ አገኘችው። አንድም ሳያስቀር ነገራት። እንድትሰድበው ፈልጎ ነበር።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አለች። «ዳውላው የእኔ ባል ነው እንየው። በል ተነሥ፤ ደብረ ታቦር ሄደህ ይህንኑ ለእነሱ ንገር።»

እንየው መሬት መሬቱን አየ። በጓድ ካሣሁን ተናደደ፣ በራሱ ተናደደ፣ እንዲህ ቀና ብላ በምታየው በስንዱም ተናደደ። እግሩ ግን አልነቃነቅ አለ።

ስንዱ ጠበቀችው። ከዚያ ስንቁን መሬት አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«እንግዲያስ ያን ስድሳ የምትለውን ነገር አስረዳኝ። እኔ እሄዳለሁ።»

ታዲያ ምን አደረገ ቢሉ፣ ያ የሒሳብ መምህር ቁጭ ብሎ አስረዳት።