መዞሪያው

ቀያሿ ሦስተኛውን ችካል መትታ ቀና ከማለቷ ጉልላት በጫማው ረግጦ ገነደሰው።

"እዚህ ጋ አይሆንም" አላት። "የኛ መንገድ ስምንት ሜትር ነው። አሥር የሚባል ነገር ከየት አመጣሽ?"

ሃፊዛ ላሜራ በሯ ላይ ቆማ ታያለች። ከኋላዋ፣ አጥሯ ጥግ በብሎኬት ባሠራችው ክፍል፣ አልፊያና ሌላዋ ሠራተኛዋ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ነሐሴ እየተገባደደ ነው። መስከረም ከመጥባቱ በፊት የሁለት ትምህርት ቤት ሥራ ማስረከብ አለባት፤ ዓመቱን ሙሉ ቤቷ የሚቆመው በነዚህ ሳምንታት ሥራ ነው።

ዓለም ባንክ ከሚባለው አካባቢ ጀርባ ያለው ሰፈራቸው በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈ አሥራ ስድስት ቤት ነው። በማህበር ተደራጅተው ቦታውን ሲረከቡ መንገዱ ሰፊ ነበር። መጀመሪያ ጉልላት አጥሩን አንድ ሜትር ወደ ውጭ ገፋ። ማንም ምንም አላለም። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለው ጎረቤት ገፋ፤ ከዚያማ ያልገፋ ሞኝ ሆነ። ሃፊዛ መንገዱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ስለነበረች የምትገፋበት አላጣችም። መኪና እንዲዞርበት የተተወውን ክብ ቦታ ግማሹን አጠረችና የስፌት ክፍሏን ሠራችበት። ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ የገባ መኪና እስከ አስፋልቱ ድረስ ወደ ኋላ እየነዳ ነው የሚወጣው።

አጥሩን ያልነካው ጥሩብርሃን ብቻ ነበር። እሱና ሃፊዛ ከተኮራረፉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። ከክፍሏ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በሱ በር ሥር እየገባ አጣላቸው። በሠራተኞቿ ፊት "የመንገድ ሌባ" ብሏታል። እሷም የመለሰችለት ቀላል አልነበረም።

በሰኔ ወር አንድ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ደም ግፊት ጣላቸው። የአምቡላንሱ ሹፌር መግቢያው ላይ ቆሞ "ከገባሁ መውጫ የለኝም" አለ። አሮጊቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አራት ሰው ተሸከማቸው፤ በጭቃው ላይ ሁለቴ አዳልጧቸዋል። ሃፊዛ በሯን ገርበብ አድርጋ አየች እንጂ አልወጣችም። የሺእመቤት ነፍሳቸው ተረፈ፤ ግራ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን እንደተያዘ ቀረ። ጥሩብርሃን ወረዳ ሄዶ አመለከተ። ራዕይ የምትባለው ይህች ወጣት ቀያሽ የመጣችው በዚያ ማመልከቻ ነው።

"እኔ ከኪሴ ያመጣሁት የለም" አለች ራዕይ ችካሏን እያነሳች። "ወረዳ ያለው የፕላን ኮፒ ደብዝዞ ቁጥሩ አይነበብም። አሥር ሜትር ነው፣ መዞሪያም አለው ያሉት አመልካቹ ናቸው። ዋናው ፕላን ካለ አሳዩኝ። ከሌለ የነዋሪውን ቃል ይዤ እመለሳለሁ።"

"የነዋሪው ቃል ይኸው።" ጉልላት ከኮት ኪሱ ወረቀት አወጣ። "አሥራ አራት አባወራ ፈርሟል። ስምንት ሜትር፣ መዞሪያ የለውም። ዋናው ፕላን ጠፍቷል። ያኔ የማህበሩ ጸሐፊ ሃፊዛ ነበረች፣ ጠይቂያት።"

ትናንት ጉልላት ሳሎኗ ድረስ መጥቶ ነበር። "ጠፋ ካልሽ ክፍልሽን የሚነካው የለም" ብሏታል። "አሳይተሽ እንደሆነ ግን መጀመሪያ የሚፈርሰው ያንቺ ነው። ለማን ብለሽ? ለዚያ ለተሳዳቢ?" ሃፊዛ መልስ አልሰጠችውም። እሱም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ ወጣ።

ጥሩብርሃን በሩን ወለል አድርጎ ከግቢው ወጣ።

"ዕጣ ስናወጣ ፕላኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር" አለ። "ሁላችሁም አይታችሁታል።"

"አንተ ምን አፍ አለህ?" አለው ጉልላት። "ሰፈር ልታስፈርስ ዶዘር ጠርተህ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንገድ ሰላም የሚልህ የለም።"

"ድሮስ ማን ይለኝ ነበር?"

"ቅናት ነው" አለች ወጥተው ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዲቱ። "በእናቱ አሳቦ።"

ጥሩብርሃን ወደ ሃፊዛ ዞረ። "እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ? ጠፋ ይበሉና ይገላግሉን። ከነጠቁት መሬት ይሄ አይብስም።"

"አፍህን ሰብስብ" አለችው። ደሟ ፈላ። ጠፍቷል ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አንድ ቃል፣ ከዚያ ይህ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፤ እሷም ወደ ሥራዋ።

"እትዬ፣ ፕላኑ አለ ወይስ የለም?" አለች ራዕይ።

በተከፈተው የጥሩብርሃን በር በኩል የሺእመቤት ታዩዋት። በትራስ ደግፈው ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ልጃቸው ከሃፊዛ ጋር ከተኮራረፈ ወዲህ፣ እስኪታመሙ ድረስ አንድም ጠዋት "እንዴት አደርሽ ልጄ" ሳይሏት አልፈው አያውቁም። አሁንም አዩዋት። ከንፈራቸው በአንድ በኩል ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

"አለ" አለች ሃፊዛ።

ገብታ ከቁም ሣጥኑ አናት በላስቲክ የተጠቀለለውን ፕላን አወረደች። ስትወጣ ጉልላት በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን እያደረግሽ እንደሆነ ገብቶሻል?"

"ዞር በል፣ ልለፍ።"

ራዕይ ፕላኑን ድንጋይ ላይ ዘረጋችው። ማህተሙም ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አሥር ሜትር። በጣቷ የመንገዱን ጫፍ ክብ ተከትላ ሄደችና ቀና ብላ የስፌት ክፍሉን አየች።

"ይሄን ሙሉውን ይወስደዋል እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ። ስሠራው አውቅ ነበር።"

ጉልላት መሬት ላይ ተፋ። "ዕድር ላይ እንገናኛለን" ብሏት ሄደ፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ከሄዱት ሴቶች ሁለቱ ልጇን ስትድር አብረዋት ያደሩ ናቸው። ዞረው አላዩዋትም። ጥሩብርሃን ብቻ እንደቆመ ቀረ።

"እትዬ ሃፊዛ፣ እኔ..."

"ላንተ ብዬ አይደለም" አለችው ፊቷን ሳታዞር። "የውሃው ጥፋት የኔ ነው። ስድብህን ግን አልረሳሁትም።"

ራዕይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገች። "የማፍረሻው ማስጠንቀቂያ የአሥራ አምስት ቀን ነው" አለቻት። "ሌሎቹ ይግባኝ ሊሉ ይችላሉ። እርስዎም መብትዎ ነው። እስከዚያ ሥራዎን ይጨርሳሉ።"

ሃፊዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ስፌት መኪኖቹ ቆመዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ሁሉንም ሰምተዋል፤ ያዩዋታል። የአልፊያን መኪና ሶኬት ነቀለች።

"ሳሎን ነው የምንሰፋው" አለች። "አልፊያ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።"