ለእሜቴ የተከፈሉ ወንበሮች

የጉዲፈቻ ክፍሉ በር ላይ «አገልግሎታችን ከክፍያ ነጻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሐሰት የለበትም። ሶፋ ሠሪውንና የሶፋ ጨርቅ የምትሰፋለትን ሚስቱን፣ ሰፊዋን፣ ገንዘብ የጠየቃቸው ሰው የለም። «እነዚህ ሰዎች ጉቦ አይነኩም፤ ችግራቸው ወገባቸው ላይ ነው» ይል ነበር ሶፋ ሠሪው።

ጥፋቱ የራሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን የክፍሉ ባለሙያ ፊት ለፊት አስቀምጣቸው «ልጅ ለማሳደግ ምን አነሳሳችሁ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ እንባ እንባ እያለው ስለ ፍቅር ያወራ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የሴትዮዋን ወንበር ከሥር አየ።

«ስፖንጁ አልቋል እኮ! እንዴት አድርገው ነው የሚቀመጡበት?»

ሰፊዋ ጭኑን ቆነጠጠችው፤ ግን አንዴ ከአፉ አምልጧል። ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ፤ አድሶ መለሰው። ባለሙያዋ ተቀመጠችበት፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያም «ጥሩ ወላጅ እንደምትሆኑ ከፊታችሁ ያስታውቃል» አለች። ባልና ሚስቱን የመረመረችው በመቀመጫዋ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በየጠረጴዛው ተዳረሰ። መዝገብ ቤት ፋይሉ ጠፋ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ወንበር ታድሶ ሲመለስ ፋይሉም እግር አውጥቶ መጣ። ማኅተም ያዡ የወገብ ሕመምተኛ ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ ሠራተኛው ፋይሉ እሱ ጋ ምን እንደሚሠራ ባያውቅም፣ ወንበሩ እስኪታደስ ድረስ ይዞት ቆየ።

በዚህ መሀል የሶፋ ቤቱ ደንበኞች እየመጡ ጮኹ። ለሙሽሮች ቤት የታዘዘ ሶፋ ጨርቁ ተገፍፎ፣ ሽቦው ወጥቶ ከረመ፤ ባለቤቶቹ እንዲሁ እንደ ተራቆተ ጭነው ወሰዱት። «መንግሥት እያስቀመጥክ እኛን ታቆማለህ?» ብለውት ሄዱ።

ሊወስዷት ያመለከቱት ልጅ በሕፃናት ማሳደጊያ ነው የምትኖረው። አምስት ዓመቷ ነው፤ ነገረ ሥራዋ ግን እንደ አማት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቋት ሲሄዱ ወገቧን ይዛ በር ላይ ትቀበላቸዋለች።

«ጫማህን አራግፍ! አሁን ነው የተጠረገው።»

«እሺ እሜቴ» ይላል ሶፋ ሠሪው፤ እሜቴ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«መቼ ነው የምትወስዱኝ?»

«ወንበሮቹ ሲያልቁ።»

«ሰዎቹ ስንት ወንበር ያስፈልጋቸዋል?»

«እንደ ሥራቸውማ ቢሆን አንድም አያስፈልጋቸውም ነበር።»

በመጨረሻ የኃላፊው ወንበር ብቻ ቀረ፤ ባለ ቆዳ፣ የሚሽከረከር፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተኛ። ሶፋ ሠሪውን ደረቱን ይወጋው ጀምሯል። ሰፊዋ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው «ይቺ ትለቅና» እያለ አቆያት። ቆዳውን እሷ ሰፋች፣ እሱ ወጠረ። የመጨረሻዋን ምስማር መትቶ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ተቀመጪበት እስቲ።»

ተቀመጠች።

«እንዴት ነው?»

«ለኃላፊው አይገባውም።»

ሳቀ። ውኃ ሊጠጣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ስንት ሰው በምቾት ያስቀመጠ ሰው፣ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ አልተነሳም።

የቢሮው ሰዎች ሐዘን ላይ አልቀሩም። የኃላፊው ሾፌር ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ እጁን አጣምሮ ለአፍታ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ አለ። «ኃላፊው በጣም አዝነዋል። እግዜር ያጽናዎት ብለዋል። ወንበሩስ?»

ሰጠችው። ምን ታድርግ? ልጅቱን እያሰበች ሰጠችው።

ወደ ቢሮ ስትመለስ ባለሙያዋ ሳትነሳ ተቀበለቻት፤ ወንበሩ ይመቻላ። «ነፍስ ይማር እናቴ፣ እንደሳቸው ያለ ባለሙያ አይገኝም። ችግሩ ማመልከቻው በእሳቸው ስም ነው። ሰው ሲሞት ጉዳዩ ይዘጋል። እንደ አዲስ ያመልክቱ።»

«ልጅቱስ?»

«ለሷ ሌሎች አመልካቾች አሉ። በሚመጣው ሳምንት ትሰጣለች።»

ቅዳሜ ብቻዋን ሄደች። እሜቴ ከኋላዋ ሰው ፈለገች።

«እሱስ?»

ሰፊዋ እንደ ምንም ብላ ነገረቻት። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«እንዲህማ አይሆንም» አለች እሜቴ፣ ጉዳዩን እሷ እንደምትጨርሰው ሁሉ።

ሰኞ ጧት ሰፊዋ ፒክአፕ ተከራይታ፣ ሁለት ጫኝ አውራጆች አስከትላ ቢሮው ገባች። አንደኛው ዘው ብሎ የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ከነወንበሩ አነሳው።

«ኧረ እኔ አለሁበት!» ጮኸ ሰውየው።

ኃላፊው ከነሾፌራቸው ወጡ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የሟች ባለቤቴን ንብረት ልሰበስብ ነው ጌታዬ። ሰው ሲሞት ጉዳዩ ይዘጋል ተብያለሁ። ወንበር ከፈለጋችሁ እንደ አዲስ አመልክቱ።»

«እንጨቱ የመንግሥት ነው!»

«እንጨቱን እተውላችኋለሁ» አለችና መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣች።

የኃላፊውን ቢሮ ገፍታ ገብታ ትልቁን ወንበር ገለበጠችው። ከሥሩ ምስማሮቹ ልክ እንደ ወትሮው ተደርድረዋል፤ የመጨረሻዋ ብቻ ጠማማ ናት። እሱ ጠማማ ምስማር መትቶ አያውቅም። መቀሱ እጇ ላይ ቀረ። ያንን ወንበር መቅደድ አልቻለችም፤ ተሸክማው ቤቷ ብትገባ ነው የወደደችው።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ፋይሉን አምጪው» አሉ ባለሙያዋን። በሞት ተዘጋ የተባለው ፋይል ተከፈተ። ማመልከቻው ላይ የሚስትየውም ፊርማ ነበረበት፤ ለካ እስካሁን ዓይን አልገባም ነበር። ማኅተም ያዡ ወገቡን ሳያመው እየሮጠ መጣ። ሌሎቹ አመልካቾች የት እንደደረሱ ያነሳ ሰው የለም።

«ወንበሮቹ ግን ይቀራሉ?» አሉ ኃላፊው ዝግ ብለው። «ይኼኛውም?»

ሰፊዋ ምስማሯን በአውራ ጣቷ ነካቻት። «ይቀራል» አለች። ድምጿ አስከሬን የሸኘ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ከዚያ ወንበሩን አቃንታ ቆማ ፈረመች።

ነገ ይሁን ቢሏትም አላመነቻቸውም። ፒክአፑን በቀጥታ ወደ ማሳደጊያው አስነዳችው። ሙሉ ቢሮ ሊያራቁቱ የተቀጠሩት ሁለት ጎረምሶች አንዲት የልብስ ፌስታል ግራና ቀኝ ይዘው፣ እንደ ቁም ነገር ተጠንቅቀው ከኋላ ጫኑ። እሜቴ ወደ ጋቢናው ወጥታ ሰፊዋ አጠገብ ተደላደለች፤ ዞር ብላ ሰፊዋን አየቻት፣ ጥቁር ልብሷን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቀጥሎ የፒክአፑን ሾፌር ገሠጸች።

«ቀስ ብለህ ንዳ አንተ፤ ሐዘንተኛ ይዘሃል።»