ድንኳኑ ለምሳ ተተከለ

አስፋው ያንን ካርታውን እንደገና ገበታው ላይ ሲዘረጋው የብርኽቲ ትዕግሥት አለቀ። ሰውየው ከአዲስ አበባ የመጣ የአስጎብኚ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ከትናንት ጀምሮ ቆቦ ላይ ባላት ምግብ ቤት ተጎልቶ አንድ ነገር ብቻ ያወራል። ፈረንጆቹ አዋሽ ላይ አውሬ ያያሉ፣ በደሴ በኩል ወጥተው ቆቦ ላይ ምሳ ይበላሉ፣ ከዚያ በመቀሌና በአሥመራ አድርገው ምጽዋ ባሕር ይገባሉ። አውሬና ባሕር በአንድ ጉዞ! ሐሳቡ የራሱ ነው። ከሠመረለት ሹመት ይጠብቀዋል፤ ካልሠመረለት ደግሞ ሥራውም አይኖርም፤ ይህንንም ሳትጠይቀው ነግሯታል።

«ችግሩ እዚህ መሃል ላይ ነው» አለ፣ ጣቱን ቆቦ ላይ ተክሎ። «ከአውሬው እስከ ባሕሩ መንገዱ አሰልቺ ነው። ስለዚህ ምሳውን ሜዳ ላይ፣ በድንኳን እናደርገዋለን፤ በረሃ በረሃ ይሸታል። ለመሆኑ እዚህ አካባቢ የሚታይ አውሬ የለም?»

«ጅብ አለ» አለች ብርኽቲ።

«ቀን ይወጣል?»

«ዘንድሮ ቀንም ይወጣል። እንደ ዘንድሮ ወፍሮም አያውቅ።»

አስፋው ደስ ብሎት ካርታው ጥግ ላይ ምልክት አደረገ። ብርኽቲ መሳቅ ይሁን መጮህ የሚሻላት ጠፋባት። ይህ ሰው ከደሴ እዚህ ድረስ በመኪና መጥቷል። ጎብዬን አልፏል፤ ሮቢትን አልፏል። በመንገዱ ግራና ቀኝ በረሃብ የወደቀውን ሰው ሁሉ አላየውም ማለት ነው?

አይቶታል እንጂ! ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «መንገድ ዳር ያሉት ደግሞ ነገ ጠዋት ይነሣሉ ተብያለሁ» አላት።

ነገሩን ብርኽቲም ሰምታለች። የነገራት አሥር አለቃ ታረቀኝ ነው፤ እዚያው ቆቦ ተወልዶ ያደገ፣ ምሳውን ሁልጊዜ እሷ ዘንድ የሚበላ ፖሊስ። ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፤ እንግዶቹ ሳይደርሱ የጭነት መኪና ሰዉን አፋፍሶ ከዞብል ተራራ ሥር ያራግፈዋል። እዚያ ደግሞ ውሃ የለም። ጉድጓዱ ከደረቀ ሰነበተ። ታረቀኝ ያውቃል፣ እሷ ታውቃለች፣ ያዘዘውም ሰው ሳያውቅ አይቀርም፤ የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

በጓሮዋ የተጠለሉ ሰዎች አሉ። የማሽላ ንፍሮ ትሰጣቸዋለች፤ የሚያጠግብ አይደለም፣ ግን ነፍስ ያቆያል። ከመካከላቸው የሻረግ የምትባለው ልጇን ጎብዬ አጠገብ አፈር አልብሳ ብቻዋን የደረሰች ናት፤ ከመጣች ወዲህ ሁለት ቃል አልተናገረችም። እነዚህ መኪናው ላይ ከወጡ አለቀላቸው። ብርኽቲ የአገሩን ሰው ሁሉ ማትረፍ እንደማትችል ከገባት ቆይቷል፤ የጓሮዋን ሰዎች ግን ለማንም አልሰጥም ብላ ጥርሷን ነክሳለች።

«ድንኳናችን ደሴ ቀረ» አለ አስፋው። «ወይዘሮ ብርኽቲ፣ ድንኳን አያገኙልኝም?»

«የእድሩ አለ። እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ግን የለቅሶ ነው፤ ለምሳ አይሆንዎትም።»

«ድንኳን ድንኳን ነው!»

«ሰው ካልሞተ አይወጣም እኮ ነው የምልዎት።»

እንዲያውም ሰው ሞቶም መውጣት ካቆመ ወራት ሆኖታል። ሟቹ ሲበዛ፣ ለማን ተተክሎ ለማን እንደሚቀር ቢቸግረው፣ እድሩ ቆልፎበት ተቀምጧል። አስፋው ግን ለመነ፣ ተለማመጠ፣ ደግሞ ተቆጣ። በመጨረሻ ብርኽቲ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች።

«ስማ» አለችው፤ አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ጓሮዬ ውስጥ ያሉትን አላየህም። ለታረቀኝም ለማንም ትንፍሽ አትልም። ማልና ውሰድ።»

አስፋው ማለ።

በማግሥቱ ጠዋት ድንኳኑ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተተከለ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጠፈ፣ ታጣፊ ወንበር ተደረደረ፣ ብርኽቲ የሠራችው የበግ ወጥ በድስት ድስቱ ሆኖ ከደሴ ከመጣው ዳቦ ጋር ተቀመጠ። አስፋው ወንበሮቹን መጀመሪያ ወደ ተራራው አዞራቸው፤ ቀጥሎ ወደ መንገዱ፤ ከዚያ ደግሞ መጥቶ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ከተራራው ወዲያ፣ ከአፋር አገር ወዲያ። አንገታቸውን ብታስረዝመውም አይታያቸው!»

በዚህ መሃል ነው በላይነሽ፣ የብርኽቲ ጎረቤት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች የመጣችው። «ወይኔ! ማን ሞተብን?» ትላለች። ከኋላዋ ራቢዓ ከሙስሊም ሰፈር ሴቶቹን አስከትላ ደረሰች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። ማነው?» የእድሩን ድንኳን ያየ ሁሉ ቤቱን ጥሎ እየመጣ ነበር።

«ዋይ አነ!» አለች ብርኽቲ። ይህን እንዴት አላሰበችም?

አስፋው እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። «ተመለሱ! ማንም አልሞተም! የምሳ ድንኳን ነው!»

በላይነሽ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቆመች። «ማንም አልሞተም?» አለች። ዞር ብላ መንገዱን አየች። ሌሎቹም አዩ። ብርኽቲ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ የቂል ቃል ሰምታ አታውቅም።

ያኔ የጓሮው በር ተከፈተና የሻረግ ወጣች። «የኔ ሞታለች» አለች። «ታንጉት ትባላለች። ሰው አላለቀሰላትም።» በወንበሮቹ መካከል አልፋ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ታንጉት! ታንጉትዬ!» ብላ በላይነሽ ለቅሶውን ለቀቀችው። ልጅቷን አይታት አታውቅም፤ ግን እንደ ልጇ አለቀሰችላት። ሴቶቹ ተከትለዋት ገቡ። የጓሮዋ ሰዎችም ገቡ። ከመንገድ ዳርም መራመድ የሚችለው የማይችለውን እየደገፈ መጣ፤ ድንኳኑ ጢም አለ።

«ያስወጡልኝ! ሊደርሱ ነው!» አለ አስፋው።

«ከለቅሶ ሰው ይወጣል? የናንተ አገር እንዴት ነው?» አለች ብርኽቲ።

«እኔም ለቅሶ አውቃለሁ!»

«ካወቅህማ ቁጭ በል።»

የጭነት መኪናው የመጣው ይህን ሲባባሉ ነው። ታረቀኝ ከጋቢናው ወርዶ «ተነሡ» ሲል ብርኽቲ የድንኳኑ በር ላይ ቆመች።

«ድንኳን ውስጥ ገብተህ ለቀስተኛ ልትጭን ነው?»

ታረቀኝ ሸራውን ሽቅብ አየው። እሱም የእድሩ አባል ነው፤ አባቱ የተለቀሰው በዚሁ ድንኳን ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። «ለቅሶ ነው አላሉኝም» አለ። «እንግዲህ እስከ ሣልስት ልጠብቅ። ከዚያ ወዲያ ግን ትእዛዝ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ የፈረንጆቹ መኪኖች ከሮቢት በኩል አቧራቸውን እያጨሱ መጡ። አስፋው መንገዱ መሃል ቆሞ እጁን አርገበገበ። «እለፉ! ወደ ባሕሩ!» እያለ ጮኸ፤ የፊተኛው መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስለት ዘሎ ገባና አብሯቸው ወደ ዋጃ ነጎደ። ብርኽቲ ወጡን በመረቅ አቅጥና፣ የተራበ ሆድ እንዳይጎዳ በጥቂት በጥቂቱ ለለቀስተኛው አደለች።

የሣልስቱ ዕለት መኪናው ተመልሶ ቆመ። ታረቀኝ በሩ ላይ ሆኖ «እትዬ ብርኽቲ፣ ዛሬ ይነቀላል አይደል?» አለ። ብርኽቲ በራሷ ተናደደች። ያን ሁሉ ለፍታ ያገኘችው ይቺን ሦስት ቀን ብቻ ነው? ወደ ውስጥ ዞረች።

«የታንጉት አብቅቷል» አለች። «ቀጥሎ የማን ነው?»

አራጌ የሚባሉ ሽማግሌ ከጥግ «የባለቤቴ» አሉ። «ሮቢት መግቢያ ላይ ነው የቀረችው።» በላይነሽ ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀች።

«ሰምተሃል» አለች ብርኽቲ። «እስከ ሣልስት።»

«እንዲህ ከሆነማ መቼ ሊያልቅ ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው?!»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ታረቀኝ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆመ። ከዚያ እሷ ብቻ እንድትሰማው አድርጎ «ከሳቸው ቀጥሎ ተራ ይያዝልኝ» አላት።

«የማን?»

«የእህቴ። ዋጃ ላይ። መርዶው የደረሰኝ ይህ ትእዛዝ የመጣ ዕለት ነው።»

ስንት ቀን ሙሉ በሆዷ ስትረግመው የነበረችው ብርኽቲ ከበሩ ገለል ብላ መግቢያ ሰጠችው። ታረቀኝ ሄዶ ሾፌሩን በባዶው አሰናበተው፤ ተመልሶም የሻረግ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ስሟን ንገራቸው እንጂ» አለችው ብርኽቲ። «ተራዋ ሲደርስ ማን ብለው ይጥሯት?»

«ጽገረዳ» አለ።